በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር

ጽጌማርያም ጣቷን ከማጥፊያው ቁልፍ ላይ መልሳ አነሣች። ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ ጽሑፍ ሠላሳ አምስት በመቶ ካለ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። ከሥሩ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከላዩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ነጠብጣቦቹ ቢቆሙ ቁርጧን ታውቅ ነበር። እነሱ ግን ይዞራሉ፣ ቁጥሩ አይጨምርም፣ እሷም ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም።

«እትዬ ጽጌ፣ አለቀ?»

የሟቹ የአቶ ተክለማርያም ልጅ ግሩም ነው። በሯን የጋረደውን የድንኳን ሸራ በክንዱ ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ዓይኑ በለቅሶና በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«አላለቀም። አፕዴት እያደረገ ነው» አለችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስት ሰዓት።»

ግሩም ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። «አስከሬኑ ስድስት ተኩል ላይ ይወጣል። የሕይወት ታሪኩ ሰባት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መነበብ አለበት።»

«አውቃለሁ ግሩሜ።»

«አጥፍተሽ አታበሪውም?»

«አታጥፉ ይላል እኮ።»

ግሩም ስክሪኑን ትንሽ አየና ሸራውን ለቀቀው። ክፍሉ እንደገና ጨለም አለ።

ክፍሉ የሚባለው ከአቶ ተክለማርያም አጥር ጋር ተለጥፎ የተሠራ፣ ሁለት ሜትር በሦስት የሆነ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ «ጽጌ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ይላል። ዛሬ ጠዋት የዕድሩ ሰዎች የለቅሶውን ድንኳን ሲተክሉ ቦታ ጠቧቸው አንዱን ገመድ ከበሯ ማጠፊያ ጋር አስረውታል። ሸራው መስኮቷን ሸፍኗል። ለመውጣት በገመዱ ሥር ማጎንበስ አለባት፤ ከወጣች ደግሞ ቀጥታ ለቀስተኛው መሃል ነው የምትገኘው። ከሸራው ወዲያ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ይሰማታል። ከልጆቹ ቀጥሎ ማልቀስ የሚገባት እሷ ነበረች፤ አቶ ተክለማርያም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አከራይዋ ብቻ ሳይሆኑ አባትም ነበሩላት። እሷ ግን ከአንድ አሮጌ ማሽን ጋር ተፋጣ ተቀምጣለች።

አቶ ተክለማርያም ያረፉት ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ነበር። ጽጌማርያም ጠዋት ለቅሶ ከደረሰች በኋላ ወዲያው ክፍሏን ከፈተች፤ ምክንያቱም የሟቹ የሕይወት ታሪክ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ፋይሉን ከፍታ፣ ያረፉበትን ቀን ጨምራ፣ ለማተም ስትሰናዳ ድንገት ሁሉም ነገር ተዘጋጋና ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ልክ ሦስት ሰዓት ነበር።

በዚህ ሠፈር ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ቤተሰቡ በለቅሶ መሃል አንድ ሰው ይልካል፣ የተላከው ሰው የትውልድ ቦታና የልጆች ብዛት ይነግራታል፣ የቀረውን እሷ ከራሷ ትሞላዋለች። በእሷ ጽሑፍ መሠረት የኮልፌ ሙታን በሙሉ ደጎች፣ ሰው አክባሪዎችና ለተቸገረ ደራሾች ነበሩ። ክፉ ሰው ከዚህ ሠፈር ሞቶ አያውቅም።

አቶ ተክለማርያም ግን ሰው አልላኩም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከዘራቸውን ተደግፈው ራሳቸው መጡና ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

«የኔን አሁን ጻፊው» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«ስሞት የሚነበበውን። ካለዚያ ልጆቹ ሌላ ሰው አድርገው ይቀብሩኛል።»

ልታስቃቸው ሞከረች፤ አልሳቁም። እሳቸው እየተናገሩ እሷ ጻፈች። ትውልዳቸው በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር መንዝ መሆኑን፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ መግባታቸውን ነገሯት። ከዚያ ቆም አሉና እንደ ሕግ ቃል እያንዳንዱን እየመጠኑ እንዲህ አስጻፏት፦ «አቶ ተክለማርያም ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ ሁለት ዓመት በቆሼ ከቆሻሻ ውስጥ ብረት፣ ጠርሙስና ጫማ እየለቀሙ ሸጠዋል። ሦስት ልጆቻቸውን ያስተማሩት፣ የሚኖሩበትንም ቤት የሠሩት በዚሁ ነው። በሥራቸው አፍረው አያውቁም። ልጆቻቸው በሰው ፊት ስለ ሥራቸው ዝም ሲሉ ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልተቀየሟቸውም።»

ጽጌማርያም የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ዓይኗ ፊደሎቹን አላየላትም። ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ልታትምላቸው ስትል እጃቸውን አወዛወዙ።

«ወረቀት ከሆነ ቤት ውስጥ ልጆቹ ያገኙታል። እዚሁ ይቀመጥ። ጽሑፉ ጽጌ ጋ አለ ብዬ ለሶፊ እነግራታለሁ። አንድ ቃል ግን እንዳትነኪ።»

«እሺ አባባ።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን፣ አልነካም።»

ሶፊ የመጨረሻዋ ልጃቸው ናት። የተባለችውን ለወንድሟ ነገረች፤ ወንድምየውም ከማለዳ ጀምሮ በሸራው ብቅ እልም ይላል። ጽሑፉ ሌላ ቦታ የለም። ዓምና አንድ የደንበኛ ፍላሽ ይዞት የመጣ ቫይረስ የሁለት ሰዎችን ሰነድ ከበላባት ወዲህ ጽጌማርያም ፍላሽ የሚባል ነገር ወደ ኮምፒውተሯ አታስጠጋም።

ደጋግማ ደውላ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀዳማዊ መጣላት። ፌርማታው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሠላሳዎቹን የተሻገረ ሰው ነው። በገመዱ ሥር አጎንብሶ ገባና ኮፍያውን አወለቀ።

«ሽማግሌው ምን ሆነ?» አላት።

«ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው አሉ።»

ቀዳማዊ በሐፍረት አንገቱን ደፋ። «ነፍስ ይማር። እኔ እንኳ ያልኩት…» አለና በአገጩ ኮምፒውተሩን አመለከተ።

ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየ፣ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ያቃስታል።

«በዚህ ሰዓት አፕዴት አድርግ ያለው ማነው?»

«ማንም አላለውም። ትናንት ልዘጋ ስል ጠየቀኝ። ስንት ቀን ሙሉ በኋላ፣ በኋላ ስለው ነበር። ሰው በማይኖርበት ሰዓት ይሥራው ብዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቀጠርኩትና ሳላጠፋው ሄድኩ።»

«ዘጠኝ ስትይ ኤኤም ነው ፒኤም?»

«ኤኤም ነዋ። ሌሊቱ ኤኤም አይደል?»

ቀዳማዊን ሳቅ አመለጠው፤ የለቅሶ ደጅ መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በኮፍያው ሸፈነ።

«እትዬ ጽጌ፣ የፈረንጅ ዘጠኝ ኤኤም እኮ የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ከፈለግሽ ሦስት ኤኤም ነበር ማለት የነበረብሽ።»

 ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች የቲኬታቸውን ሰዓት ስድስት እየቀነሰች የምትነግረው ጽጌማርያም ራሷ ናት። በእሷ ስሕተት አውሮፕላን ያመለጣት አንዲት እንኳ የለችም። ለራሷ ሲሆን ዘጠኝ ብላ ዘጠኝ ጫነች። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑን ስትረግም ነበር፤ ማሽኑ ያደረገው ያዘዘችውን ነው። ፊቷ ጋለ።

«አሁን ምን ይሻላል?» አለች።

«ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ይኼን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። ይጠፋል፤ ስናበራው ወይ ራሱን ይመልሳል፣ ወይ አይነሣም። ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ሱቄ ወስጄ ከላፕቶፔ ጋር ማገናኘት ነው። ለሱም ቢሆን መጀመሪያ መጥፋት አለበት።»

«ቢበላሽስ? ጽሑፉ ቢጠፋስ?»

«የአሥራ አንድ ዓመት ዲስክ ነው። ይተርፋል ብዬ አልዋሽሽም። ግን እንዲህ አፍጥጠን ብናየውም አይተርፍም።»

«ትንሽ እንጠብቀው።»

ቀዳማዊ ትከሻውን ነቅንቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ጠበቁ። ሌላ ትንሽ ጨመሩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ጽጌማርያም የቀዳማዊን ክንድ ያዘችው።

«አየህ! አየህ፣ እየሠራ ነው!»

«አየሁ። በዚህ አያያዙ ለአርባው ይደርሳል» አለ ቀዳማዊ።

ቢሆንም አላስነካችውም። ቁጥሩ ከጨመረ በኋላማ ጭራሽ ማጥፋት የማይታሰብ ሆነ፤ የተገኘችውን አንድ በመቶ የምትጥል መሰላት። ቀዳማዊ «ከፈለግሽኝ ድንኳኑ ውስጥ ነኝ» ብሏት ወጣ። እሷም ብቻዋን ነጠብጣቦቹን ስታይ ቀረች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን እያለፈ መግባት ጀምሯል። ሸራው ነፋስ አያስገባም። ከውጭ አንዲት አልቃሽ የአቶ ተክለማርያምን ደግነት እየጠራች ታስለቅሳለች፤ ምን ሠርተው እንደኖሩ ግን አላነሣችም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ግሩም ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ አንገቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰውነቱን አስገባና በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው። ስክሪኑን አየ። ሠላሳ ስድስት በመቶ። ፊቱ ላይ የታየው ግን ንዴት አልነበረም።

«እውነቱን ንገሪኝ እትዬ ጽጌ። ቆሼን አስጽፏል አይደል?»

ልትዋሽ ፈልጋ ነበር። «አስጽፈዋል» አለች።

ግሩም ቀዳማዊ በተቀመጠበት ቦታ ተቀመጠ። ባንክ ቤት ኃላፊ ነው። ትልቅ ሰው ነው። እዚያች አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ግን ጉልበቱ አገጩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«የመሥሪያ ቤት ሰዎች በሰርቪስ እየመጡ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች በሙሉ አሉ። አማቴ አባዬን ነጋዴ ነበር ብለው ነው የሚያውቁት።»

«ብረት ይሸጡ አልነበር? ነጋዴ ናቸው።»

«አትቀልጂብኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ በአባቴ አላፍርም። እግዜር ያውቃል አላፍርም። ግን ልጅ ሆኜ ጆንያውን ተሸክሞ በትምህርት ቤታችን በር ሲያልፍ ልጆቹ አፍንጫቸውን ሲይዙ አይቻለሁ። አርባ ዓመት ሞላኝ፤ እስካሁን ይሸተኛል። ዛሬ ደግሞ በስንቱ ሰው ፊት… አልችልም።»

ጽጌማርያምን አሳዘናት። የአባቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ መጣ፤ ለሱ የተጻፈ መሆኑንም አወቀች። ግን ዋጠችው።

«ይኼን ኮምፒውተር የያዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው» አለ ግሩም። «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ በእጅሽ ጻፊው። ጽሕፈትሽ ያምራል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው እንላለን። ማንም አይቀየምሽም፤ ሲስተም የለም ሲባል ማን ይቀየማል?»

«እሳቸው እኮ አንድ ቃል…»

«እሱማ ማሽኑ ውስጥ ነው። አንቺ ምን ታደርጊ?» ከአግዳሚው ተነሥቶ እጁን ጠረጴዛዋ ላይ አሳረፈ። «ደግሞ ስለ ክፍሏ አታስቢ። እኔ እያለሁ ከዚህ የሚያስነሣሽ የለም። ልክ እንደ አባዬ ነው የማይሽ።»

ጽጌማርያም ስለ ክፍሏ አላሰበችም ነበር። አሁን አሰበች። ልጇን እዚህች ቆርቆሮ ውስጥ ሠርታ ነው ኮሌጅ ያስገባችው። ከዚህ ብትነሣ በዚህ ሠፈር በዚህ ኪራይ የዶሮ ቤት እንኳ አታገኝም። ግሩም ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ያለውም ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ እሱ እጅ ላይ ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል።

ወረቀት ሳበችና እስክሪብቶ አነሣች።

«አቶ ተክለማርያም ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር በመንዝ ተወለዱ» አለ ግሩም። ጻፈች። እስከዚህ ድረስ አባትና ልጅ አልተለያዩም። «በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው… በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር።»

እስክሪብቶዋ ቆመ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት መቶ ጊዜ ሳትጽፋት አትቀርም። አረቄ ነግዳ ላሳደገችውም፣ በድለላ ለኖረውም፣ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ሳይዝ ለሞተውም «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ብላ ጽፋለች። ሁሉን የምታለብስ ጋቢ ናት። ስትጽፋት እጇ ቆሞባትም አያውቅም፤ ከሟቾቹ ውስጥ አንዱም ቀድሞ መጥቶ ቃሉን የሰጣት የለምና።

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ። መዞራቸው ደስ አላት። ደስ ያላት መሆኑን ስታውቅ ደነገጠች። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይከፈት ይከፈት ስትል ከልቧ ይመስላት ነበር። ቀዳማዊ አጥፍተን እንየው ሲላት ትንሽ እንጠብቅ ያለችው ጽሑፉ እንዳይጠፋ ብላ ይመስላት ነበር። ጽሑፉ የት ይሄዳል? የጻፈችው እሷ፣ ሦስት ጊዜ ያነበበችው እሷ። ከመንዙ እስከ አልተቀየሟቸውም ድረስ አንድ ቃል ሳይጎድል ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። የተዘጋ ነገር አልነበረም። ማሽኑ እስካልተከፈተ ድረስ ማንም አስታውሺ አይላትም፤ እሷ የምትጠብቀው ይህንን ነበር። በራሷ አፈረች።

«ቀዳማዊ!» ብላ ተጣራች።

ቀዳማዊ ሸራውን ገልጦ ገባ።

«አጥፋው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አጥፋው።»

ቀዳማዊ ቁልፉን ተጭኖ ያዘ። ነጠብጣቦቹ ባሉበት ቀጥ አሉ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። የማራገቢያው ማቃሰት ቀስ እያለ ሞተና የውጭው ለቅሶ ጎልቶ ገባ።

«ላብራው?»

«ይቆይ። ዲስኩን በኋላ ወስደህ ታየዋለህ። አሁን አያስፈልገኝም።»

ግሩም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እግዜር ይስጥሽ» አላት። «የት ደርሰን ነበር? በግል ሥራ…»

ጽጌማርያም የጀመረችውን ወረቀት ወደ ጎን አድርጋ ሌላ አዲስ ሳበች። ግሩም መናገሩን ቀጠለ፤ የልጆቹን ስም፣ የዕድሩን ስም፣ በሕመማቸው ወቅት የጠየቁትን ሁሉ እያመሰገነ ተናገረ። እሷ አልሰማችውም። አንገቷን ደፍታ፣ ፊደሉን ከሩቅ እንዲነበብ ጎላ ጎላ እያደረገች ጻፈች። አንድ ጊዜ እንኳ ለማስታወስ አልቆመችም። ጨርሳ ስትነሣ ከድንኳኑ ውስጥ «መኪናው መጥቷል» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እንካ» አለችው። «አንድ ቃል አልነካሁም።»

ግሩም ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ አነበበ። መሃል ሲደርስ መንጋጋው ጠበቀ፣ ቀና ብሎ አያት።  ግሩም እንደገና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የመጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ ዓይኑ እዚያው ቀረ። ቀዳማዊ ሥራ የያዘ መስሎ የኤሌክትሪክ ገመድ ይጠቀልላል።

«ዝም ሲሉ ያውቁ ነበር…» አለ ግሩም ለራሱ። ድምፁ ተሰበረ። «ይኼን እሱ ነው ያለው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ለምን ጠዋት አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ ነው።»

ግሩም ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ወደ ሸራው ዞረ፤ ከወዲያው በኩል የሰርቪስ በር ሲዘጋ፣ ጫማ ጠጠር ሲረግጥ ይሰማል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ትከሻው እንደገና ወደ ላይ ወጣ።

«እኔ የነገርኩሽስ? እሱንም ጻፊልኝ። ሁለቱንም እይዛለሁ፤ እዚያ ስንደርስ እወስናለሁ።»

ጽጌማርያም ከጥቅሉ ውስጥ አንድ ባዶ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ፊት ለፊት አስቀመጠች። እስክሪብቶዋን በላዩ ላይ አጋደመችው።

«ያኛውን አንተ በእጅህ ጻፈው» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና በገመዱ ሥር አጎንብሳ ወደ ለቅሶው ወጣች።